ኬሚካዊ አጸግብሮት እና እኩልዮሽ ማመጣጠን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኬሚስትሪ ሳስጠና ዓመት ከዓመት የሚመላለሱብኝን ጥያቄዎች ነው እዚህ የሰበሰብኩት። ቀለል ያሉትን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከልባቸው ላይ ግን ረጋ ብዬ እቆያለሁ። የንጥረ ነገሮቹን ምልክት በላቲን ፊደል ከማስፈር ይልቅ በስማቸው እየጠራሁ፣ አቶሞቻቸውን እየቆጠርኩ እሄዳለሁ። ምልክቶቹን የሚያውቅ አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ጎን ለጎን ቢጽፍ ይበልጥ ይጠቀማል።

ኬሚካዊ አጸግብሮት ማለት ምን ማለት ነው?

አቶሞች የነበራቸውን ትስስር ፈትተው አዲስ ትስስር ሲፈጥሩ ኬሚካዊ አጸግብሮት ተካሄደ እንላለን። አቶሞቹ ራሳቸው አይለወጡም። ካርቦኑ ካርቦን፣ ብረቱም ብረት እንደሆነ ይቀጥላል፤ የሚለወጠው ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ብቻ ነው። የዚህ "ብቻ" ውጤት ግን ቀላል አይደለም። ሶዲየም በቢላ የሚቆረጥ፣ ውሃ ሲነካው የሚንጣጣ የብረታ ብረት ወገን ነው። ክሎሪን ደግሞ ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ነው። ሁለቱ ሲዋሃዱ የሚገኘው ምግብ ላይ የምንነሰንሰው ጨው ነው።

ውሃ ሲፈላ የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው?

አይደለም፤ ግን ይህን መልስ የሚሰጠው ሰው ብዛት ሁልጊዜ ያስገርመኛል። አረፋው ውስጥ ያለው ውሃው ራሱ ነው፣ በእንፋሎት መልክ። ሞሌኪውሎቹ (እርስ በርስ የተሳሰሩት የአቶም ጥምረቶች) እርስ በርሳቸው ተራራቁ እንጂ አልፈረሱም። ክዳኑን ገልብጠው ቢያዩት እንፋሎቱ ተመልሶ ጠብታ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ውሃን በእርግጥ ማፍረስ ከተፈለገ ጥቂት ጨው ወይም አሲድ የገባበት ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ተስማሚ ጨው ወይም አሲድ ተመርጦ፣ በሁለቱ የኤሌክትሪክ ዘንጎች ላይ ውሃ የሞሉ ሁለት የመስታወት ቱቦዎች ከተደፉ፣ በአንደኛው የሚጠራቀመው ጋዝ የሌላኛውን እጥፍ ያህል ይሆናል። የበዛው ሃይድሮጅን ነው፤ ያነሰው ኦክስጅን። እኩልዮሹ ወረቀት ላይ ከመጻፉ በፊት በቱቦዎቹ ውስጥ በዓይን ይታያል፦

2 ውሃ → 2 ሃይድሮጅን + 1 ኦክስጅን

አጸግብሮት መካሄዱን በምን አውቃለሁ?

የተለመዱት ምልክቶች አዲስ ጋዝ መውጣት፣ በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ዝቃጭ መታየት፣ ያልተጠበቀ ሙቀት ወይም ቅዝቃዜ፣ ብርሃን፣ የቀለም ለውጥ ናቸው። እያንዳንዳቸው ግን ሊያታልሉ ይችላሉ። የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ሲከፈት ጋዝ ይወጣል፤ ቀድሞ በግፊት ተሟሙቶ የገባ ጋዝ መውጣቱ ነው እንጂ አዲስ ነገር አልተፈጠረም። የማያታልለው ጥያቄ አንድ ነው፦ መጨረሻ ላይ የተገኘው ነገር መጀመሪያ ያልነበረ ነገር ነው ወይ?

ሻማ ለዚህ ጥሩ መማሪያ ነው፤ ሁለቱንም ዓይነት ለውጥ ባንድ ላይ ያሳያል። ከክሩ ሥር የሚቀልጠው ሰም ሰም ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ነበልባሉ ውስጥ የሚቃጠለው ግን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለወጣል፤ ተመልሶም ሰም አይሆንም። ሻማውን እፍ ብለው ሲያጠፉት ከክሩ የሚነሳ ነጭ ጭስ አለ። የተለኮሰ ክብሪት ወደ ጭሱ ጠጋ ሲያደርጉ እሳቱ ክሩን ሳይነካ በጭሱ በኩል ወርዶ ሻማውን ያበራዋል። ጭሱ ገና ያልተቃጠለ ሰም ነበርና።

ምንም ነገር አይጠፋም ከተባለ፣ እንጨት ተቃጥሎ አመዱ ለምን ይቀላል?

አብዛኛው እንጨት ጋዝ ሆኖ ስለሄደ ነው። አመዱ የቀረው ብቻ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱንና እንፋሎቱን ማንም ሚዛን ላይ አላወጣቸውም። የዚህን ተቃራኒ ማየት የሚፈልግ ከተራ ብረት የተሠራ፣ እንደ ሱፍ የተቋጠረ ቀጭን ሽቦ ሚዛን ላይ አድርጎ ይለኩሰው። እየፋመ ይቃጠላል፤ ክብደቱም ይጨምራል። ከአየር የወሰደው ኦክስጅን ተጨምሮበታል።

ይህ ጉዳይ ሊቃውንቱን ለረጅም ጊዜ ግራ አጋብቷቸው ነበር። አንዱ ሲቃጠል ይቀላል፣ ሌላው ሲቃጠል ይከብዳል፤ ታዲያ መቃጠል ምንድን ነው? ፈረንሳዊው አንትዋን ላቮይዜ እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ ቆርቆሮን (ቲን የሚባለውን ንጥረ ነገር) በታሸገ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አድርጎ አሞቀው። ቆርቆሮው ወደ ዱቄት ቢለወጥም የዕቃው ጠቅላላ ክብደት አልተነቃነቀም። ማሸጊያው ሲከፈት አየር እየተንሿሿ ገባ፤ ክብደቱ የጨመረውም ያኔ ነው። ነገሩን የፈታው በሩን መዝጋቱ ነው፤ የገባውንም የወጣውንም መቆጣጠር ቻለ።

መጠነ ቁስ አይጠፋም የሚለው ሕግ ፍጹም ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጠንቃቃ ተማሪም አይጠፋም። 16 ግራም ሚቴን ከ64 ግራም ኦክስጅን ጋር ሲቃጠል በሙቀት መልክ ከሚወጣው ጉልበት ጋር አብሮ የሚሄደው መጠነ ቁስ የአንድ ግራም አንድ መቶ ሚሊዮንኛ ያህል ነው። የትምህርት ቤት ሚዛን ይቅርና ጥሩ የላቦራቶሪ ሚዛንም አያየውም።

እኩልዮሽ የሚመጣጠነው ለምንድን ነው?

አቶም ስለማይፈጠርና ስለማይጠፋ ነው። በቀስቱ በስተግራ መነሻ ቁሶቹ፣ በስተቀኙ ውጤቶቹ ይቆማሉ። በግራ 10 የኦክስጅን አቶም ከቆጠርን በቀኝም 10 ልናገኝ ይገባል። ማመጣጠን የሂሳብ መዝገብ ሥራ ነው፤ ገቢና ወጪው ካልተገናኘ አንድ ቦታ ላይ ያልተጻፈ ነገር አለ።

ትንሹን የግርጌ ቁጥር ቀይሬ ባመጣጥነውስ?

የግርጌ ቁጥር ማለት ከንጥረ ነገሩ ምልክት ግርጌ የሚጻፈው፣ በአንድ ሞሌኪውል ውስጥ ስንት አቶም እንዳለ የሚናገረው ነው። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፤ እኔም ወድቄያለሁ። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ ሲሆኑ አመጣጥን ተባልኩ። የኦክስጅን ጋዝ ሞሌኪውል ሁለት አቶም አለው፤ ውሃ ግን አንድ ኦክስጅን ብቻ። በቀኝ አንድ ኦክስጅን ጎደለ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ከውሃው ኦክስጅን ግርጌ 2 ጨመርኩበት። ቁጥሩ እኩል ሆነ። ደብተሬ ሲመለስልኝ በቀይ እስክሪብቶ "ይህን ውሃ እንዳትጠጣው" የሚል ተጽፎበት ነበር።

የጻፍኩት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነበር። ሲቀጥን ቁስል ይጸዳበታል፣ ፀጉር ይነጣበታል፤ ሲጠነክር ቆዳ ያቃጥላል፣ ለሮኬት ማስወንጨፊያም አገልግሏል። ከውሃ የሚለየው በአንዲት የኦክስጅን አቶም ነው። የግርጌ ቁጥር የቁሱ ማንነት ነው፤ እሱን መንካት ቁሱን በሌላ መለወጥ ነው። ለማመጣጠን የተፈቀደልን ከፊት የሚቀመጠው ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱ የሚናገረው ስንት ሞሌኪውል እንዳለ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ ሁለት ውሃ ማድረግ፣ ከዚያም ሃይድሮጅኑን ለማሟላት በግራ ሁለት ሃይድሮጅን መጻፍ ነው፦

2 ሃይድሮጅን + 1 ኦክስጅን → 2 ውሃ

ካርቦን ሞኖኦክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ ናቸው። ሁለተኛውን በየእስትንፋሳችን እናወጣዋለን። የመጀመሪያው ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሲነድ ተከማችቶ የተኛ ሰው ይገድላል። በወረቀት ላይ ልዩነታቸው አንዲት ትንሽ 2 ናት።

የግርጌ ቁጥሮቹን ማን ወሰናቸው?

በክርክር ነው የተወሰኑት፤ ክርክሩም ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል። እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን እ.ኤ.አ. በ1808 የአቶም ንድፈ ሐሳቡን ሲያሳትም ውሃ ከአንድ ሃይድሮጅንና ከአንድ ኦክስጅን የተሠራ ነው ብሎ ገምቶ ነበር፤ ቀላሉ ግምት ያ ነበርና። የጋዞቹ ይዘት ሁለት ለአንድ መሆኑ ግን አልገጥም አለ። ጣሊያናዊው አሜዴዮ አቮጋድሮ እ.ኤ.አ. በ1811 በእኩል ሙቀትና ግፊት እኩል ይዘት ያላቸው ጋዞች እኩል ብዛት ያላቸው ሞሌኪውሎች ይይዛሉ የሚል ሐሳብ አቀረበ። የኦክስጅን ጋዝ ጥንድ አቶም ነው የሚለው መደምደሚያም ከዚሁ ይከተላል። የሰማው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 በጀርመን ካርልስሩሄ በተካሄደው ጉባኤ የአገሩ ልጅ ስታኒስላዎ ካኒዛሮ ሐሳቡን አንስቶ እስኪሟገትለት ድረስ የተለያዩ ኬሚስቶች ለአንድ ቁስ የተለያየ ቀመር ይጽፉ ነበር። አቮጋድሮ ይህን አላየም፤ ከአራት ዓመት በፊት አርፏል።

በተግባር እንዴት ነው የሚመጣጠነው?

ፕሮፔንን እንውሰድ፤ በሲሊንደር ተሞልቶ የሚሸጥ ጋዝ ነው። ሞሌኪውሉ 3 ካርቦንና 8 ሃይድሮጅን አለው። ከኦክስጅን ጋር ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሰጣል።

ከካርቦን እጀምራለሁ። በግራ 3 አለ፤ አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ካርቦን ይይዛል፤ ስለዚህ 3 ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ወደ ሃይድሮጅን አልፋለሁ። በግራ 8 አለ፤ አንድ ውሃ 2 ይይዛል፤ ስለዚህ 4 ውሃ። አሁን በቀኝ ያለውን ኦክስጅን እቆጥራለሁ፦ 3 ካርቦን ዳይኦክሳይድ 6 ይዘዋል፣ 4 ውሃ 4 ይዘዋል፤ ድምር 10። የኦክስጅን ጋዝ በጥንድ ስለሚመጣ 5 ሞሌኪውል ይበቃል።

1 ፕሮፔን + 5 ኦክስጅን → 3 ካርቦን ዳይኦክሳይድ + 4 ውሃ

ቢዩቴን ትንሽ ያስቸግራል። 4 ካርቦንና 10 ሃይድሮጅን አለው። በተመሳሳይ መንገድ 4 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 5 ውሃ እናገኛለን፤ ኦክስጅኑ 8 ሲደመር 5፣ 13 ይሆናል። ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ 6 ጥንድ ተኩል ያስፈልጋል። እዚህ ሲደርስ የሚደነግጥ ተማሪ ያለውን ሁሉ ሰርዞ እንደገና ይጀምራል። መሰረዝ አያስፈልግም። ተኩሏን ጽፎ፣ ከዚያ ሁሉንም ቁጥር በሁለት ማባዛት ነው፦

2 ቢዩቴን + 13 ኦክስጅን → 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድ + 10 ውሃ

ኦክስጅን ለምን መጨረሻ ላይ ይቀመጣል?

ኦክስጅን ብቻውን የሚገኝበት ቦታ ስላለ ነው። የኦክስጅን ጋዝ የፊት ቁጥር ሲለወጥ ሌላ ማንንም አይነካም፤ የውሃው ሲለወጥ ግን ሃይድሮጅኑም አብሮ ይናጋል። ስለዚህ ሕጉ "ኦክስጅን መጨረሻ" ሳይሆን "ብቻውን የቆመ ንጥረ ነገር መጨረሻ" ቢባል ይሻላል። ብረት ብቻውን ከቆመ ብረቱ ወደ መጨረሻ ይገፋል።

ቀመሩ ውስጥ ቅንፍ ካለስ?

ቅንፍ አብረው የተሳሰሩ አቶሞችን ቡድን ያቅፋል። ከቀስቱ ወዲያና ወዲህ ሳይፈርስ የሚሻገር ቡድን ካለ እንደ አንድ ዕቃ ይቆጠራል። ለምሳሌ የሰልፌት ቡድን በግራም በቀኝም ሳይነካ ካለ፣ ድኝና ኦክስጅን እያሉ ለየብቻ መቁጠር ጊዜ ማባከን ነው። ቡድኑ ከፈረሰ ግን አቋራጩ አይሠራም።

የፊት ቁጥሮቹ ግራም ማለት ናቸው?

አይደሉም፤ የሚቆጥሩት ብዛት ነው። 2 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን ማለት 2 ግራምና 1 ግራም ማለት አይደለም። የሞሌኪውል ብዛት ለእጅ ስለማይመች ኬሚስቶች ሞል የሚባል መቁጠሪያ ይጠቀማሉ፤ እንቁላል በደርዘን እንደሚቆጠረው ማለት ነው። የሞል ደርዘን ግን ከ6 ቀጥሎ 23 ዜሮ የሚደረደርበት ቁጥር ያህላል። አንድ ሞል የሃይድሮጅን ጋዝ 2 ግራም፣ አንድ ሞል የኦክስጅን ጋዝ 32 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ያ እኩልዮሽ በሚዛን ሲነበብ 4 ግራም እና 32 ግራም ገብቶ 36 ግራም ውሃ ወጣ ይላል።

የብረትና የኦክስጅን ጋብቻ ለማስታወስ ይበልጥ ይመቻል። 4 ብረት ከ3 ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ 2 ብረት ኦክሳይድ ሲሰጥ (አንዱ ኦክሳይድ 2 ብረትና 3 ኦክስጅን አቶም አለው) ቁጥሩ ተጠጋግቶ 7 ግራም ብረት፣ 3 ግራም ኦክስጅን፣ 10 ግራም ኦክሳይድ ይሆናል።

እዚህ ላይ እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝን ልጨምር። ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው፤ በኦክቴን እንወክለው፤ 8 ካርቦንና 18 ሃይድሮጅን ያለው ነው። 2 ኦክቴን ከ25 ኦክስጅን ጋር ነድዶ 16 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 18 ውሃ ይሰጣል። ወደ ክብደት ሲመነዘር 1 ኪሎ ግራም ኦክቴን 3.5 ኪሎ ግራም ያህል ኦክስጅን ወስዶ 3.1 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድና 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ ያወጣል። ከመኪና የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻውን ከነዳጁ ሦስት እጥፍ ይከብዳል ሲባል ብዙ ሰው ውሸት ይመስለዋል። ከአየር የተወሰደውን ኦክስጅን ረስቶ ነው።

አንደኛው ቁስ ቢበዛ ውጤቱ ይበዛል?

ሌላው ቁስ እስከሚያልቅ ድረስ ብቻ ነው። 10 ግራም ሃይድሮጅንና 10 ግራም ኦክስጅን ብናገናኝ 20 ግራም ውሃ አናገኝም። አንድ ግራም ሃይድሮጅን 8 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ስለዚህ 10 ግራሙ ኦክስጅን የሚያስተናግደው 1.25 ግራም ሃይድሮጅን ብቻ ነው። 11.25 ግራም ውሃ ይወጣል፤ 8.75 ግራም ሃይድሮጅን ሥራ ፈትቶ ይቀራል። ቀድሞ የሚያልቀው ውጤቱን ይወስናል።

አቶሙ ሁሉ ተመጣጥኖ መልሱ ስህተት ሊሆን ይችላል?

አዎ፣ አዮኖች ካሉ፤ አዮን ማለት ኤሌክትሮን ለቅቆ ወይም ወስዶ የኤሌክትሪክ ሙል ያገኘ አቶም ወይም የአቶም ቡድን ነው። የመዳብ ሽቦ የብር ናይትሬት ሟሟ ውስጥ ሲነከር ሽቦው ላይ የሚያብረቀርቁ የብር መርፌዎች ይበቅላሉ፤ ቀለም ያልነበረው ፈሳሽም ቀስ እያለ ሰማያዊ ይሆናል። "1 መዳብ እና 1 የብር አዮን፣ 1 የመዳብ አዮንና 1 ብር ይሰጣሉ" ብሎ የጻፈ ሰው አቶሞቹን በትክክል ቆጥሯል። የኤሌክትሪክ ሙሉን ግን አልቆጠረም። የብር አዮን የኤሌክትሪክ ሙል አዎንታዊ 1 ነው፤ የመዳቡ አዎንታዊ 2። መዳብ ሁለት ኤሌክትሮን ሲለቅ እያንዳንዱ የብር አዮን የሚወስደው አንድ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ብር ያስፈልጋል፦

1 መዳብ + 2 የብር አዮን → 1 የመዳብ አዮን + 2 ብር

የተመጣጠነ እኩልዮሽ ሁሉ በእውን ይካሄዳል?

አይካሄድም። መዳብ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ሃይድሮጅን ጋዝ ሲያወጣ የሚያሳይ፣ አቶሙም የኤሌክትሪክ ሙሉም የተስተካከለ እኩልዮሽ መጻፍ ይቻላል። መዳቡ የቀጠነው አሲድ ውስጥ ቢያድር ግን አንድ አረፋ አይወጣም። በዚንክ ቢተካ ወዲያው ይንተከተካል። የትኛው የትኛውን እንደሚያባርር የሚነግረን ከሙከራ የተገኘው የብረታ ብረት ቅደም ተከተል ነው።

ፍጥነቱንም እኩልዮሹ አይናገርም። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተደባልቀው በክፍል ሙቀት ሳይነካኩ ለዓመታት ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አንዲት ብልጭታ ግን ታፈነዳቸዋለች። የመጀመሪያውን ትስስር ለመፍታት የማስጀመሪያ ጉልበት ያስፈልጋል። አሞኒያ መሥራትም ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው፤ 1 ናይትሮጅን ሲደመር 3 ሃይድሮጅን፣ 2 አሞኒያ። ይህችን መስመር ወደ ፋብሪካ ለማድረስ ግን የጀርመናውያኑ ኬሚስቶች የፍሪትዝ ሃበርና የካርል ቦሽ ጥረት፣ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት፣ ከአየር ግፊት ከመቶ እጥፍ የሚበልጥ ግፊትና አጸግብሮቱን የሚያፋጥን ብረት ጠይቋል። የመጀመሪያው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1913 በጀርመን ኦፓው ሥራ ጀመረ። አፋጣኙ ብረት በእኩልዮሹ ውስጥ አይቆጠርም፤ እንደገባ ይወጣል፤ የሚጻፈው ከቀስቱ በላይ ነው።

አንድ እኩልዮሽ ሁለት ትክክለኛ መልስ ሊኖረው ይችላል?

ቁጥሮቹን ሁሉ በሁለት ማባዛት አዲስ መልስ አይደለም፤ ተለምዶው ትንሹን ሙሉ ቁጥር መጻፍ ነው። በእርግጥ የሚለያዩ መልሶች ያሉባቸውም አሉ። ካርቦን ነድዶ ሁለቱንም ኦክሳይዶች ባንድ ጊዜ ሲሰጥ "3 ካርቦን እና 2 ኦክስጅን፣ 2 ሞኖኦክሳይድና 1 ዳይኦክሳይድ" ትክክል ነው፤ "4 ካርቦን እና 3 ኦክስጅን፣ 2 ሞኖኦክሳይድና 2 ዳይኦክሳይድ" የሚለውም ትክክል ነው። ሁለት አጸግብሮት ባንድ መስመር ስለታጨቀ ነው። እንዲህ ያለ ሲገጥም ለያይቶ መጻፍ ይሻላል።

ልለማመድባቸው የምችላቸው አሉ?

ሦስት እነሆ። አሞኒያ (1 ናይትሮጅን፣ 3 ሃይድሮጅን) ከኦክስጅን ጋር ናይትሪክ ኦክሳይድና ውሃ ሲሰጥ፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከሁለቱ አንድ አንድ አቶም አለው። ብረት ኦክሳይድ (2 ብረት፣ 3 ኦክስጅን) ከካርቦን ሞኖኦክሳይድ ጋር ብረትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሰጥ፤ ብረት በማቅለጫ ምድጃ የሚገኘው እንዲህ ነው። ፖታሲየም ክሎሬት (1 ፖታሲየም፣ 1 ክሎሪን፣ 3 ኦክስጅን) ሲሞቅ ፈርሶ ፖታሲየም ክሎራይድና ኦክስጅን ሲሰጥ።

የፊት ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል፦ 4፣ 5፣ 4፣ 6፤ ቀጥሎ 1፣ 3፣ 2፣ 3፤ መጨረሻ 2፣ 2፣ 3። ሁለተኛው አልመጣ ያለው ሰው እያንዳንዱ ሞኖኦክሳይድ ከብረቱ አንድ ኦክስጅን ብቻ እንደሚነጥቅ ያስብ፤ የሚነጠቁት ሦስት ናቸው።